260 ግራም፦ ሳናየው የምንቀብረው የእንግዴ ልጅ

ሴትዮዋ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ባና ደርበዋል። እጃቸው ላይ ባዶ ፌስታል አለ። ሕፃኗ ከተወለደች ሃያ ደቂቃ አልሞላትም፤ እኔ ደግሞ የእናትየዋ የደም ግፊት አልወርድ ብሎኝ ልቤ እዚያ ነው።

«ሲስተር፣ የእንግዴ ልጁን ስጪኝ። አገሯ ገብቶ ይቀበርላት» አሉኝ።

«እማማ፣ አይቻልም። እዚህ የራሱ ጉድጓድ አለው» ብያቸው አለፍኩ።

ውሸት አልተናገርኩም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። ያን የእንግዴ ልጅ ከትንሽ ደቂቃ በፊት በእጄ ይዤ አገላብጬ መዝኜው ነበር። ሚዛኑ 260 ግራም አለ። ያ ቁጥር የዚያች ልጅ እርግዝና እንዴት እንደከረመ ይናገራል፤ እኔ ግን ለማንም ሳልነግር ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ለዚያ ነው። አራሷን አስፈቅጃታለሁ። ስሟንና ቀበሌዋን አልጽፍም፤ ክትትል ያደረገችበትን ጤና ጣቢያም እኔ አዋላጅ ነርስ ሆኜ የምሠራበትን ሆስፒታልም አልጠራም። ሰሜን ሸዋ ነው፣ እሷም የመንዝ ልጅ ናት። ይበቃል።

ካርዱ ላይ ያለውና የሌለው

በ2010 ዓ.ም. ሃያ ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ክትትል የጀመረችው ጥር 22 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ እርግዝናው 17 ሳምንት ሲሆን ነው። ግፊቷ 100/60። ሽንቷ ንጹህ። የአይረን እንክብል ተሰጣት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተወጋች፣ ወደ ቤቷ ሄደች።

100/60 ሲባል «ደም አንሷታል ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። ደም ማነስ ሌላ፣ ዝቅ ያለ ግፊት ሌላ። በእርግዝና መሃል ግፊት ትንሽ ወረድ ማለቱ ጤና ነው። የእናትየዋ የደም ሥሮች ላላ ይላሉ፤ ማህፀኗ ውስጥም ደም ያለ ችግር የሚፈስበት አዲስ ሰፊ መንገድ እየተከፈተ ነው።

ሁለተኛው ቀጠሮ መጋቢት 18፣ በ25 ሳምንት። እዚህ ላይ የግፊቱ ሳጥን ባዶ ነው። ሰረዝ እንኳን የለበትም። በኋላ ስጠይቃት መለኪያው ተበላሽቶ ነበር፣ «ሌላ ቀን ነይ» ብለዋታል። ሌላ ቀን ማለት ለሷ ደርሶ መልስ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አልተመለሰችም። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። የንስሐ አባቷ እንዳትጾም ነግረዋታል፤ እሷ ግን የጎረቤት ዓይን ፈርታ ጾመች። ወተት የሚባል ነገር ለሃምሳ አምስት ቀን ባፏ አልዞረም። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምግባቸው ውስጥ ካልሲየም በጣም በሚያንስባቸው ነፍሰ ጡሮች ላይ የእርግዝና ደም ግፊት የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ባለበት አካባቢ ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንድትወስድ ይመክራል።

ሚያዝያ ላይ እግሯ አበጠ። «ወንድ ነው የተሸከመችው» ተባለ። ፊቷ ሞላ። «እርግዝናው ተስማማት» ተባለ። ግንቦት ሲገባ ራሷን ያማት ጀመር፤ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸላት። ቀጥሎ ከጎድን አጥንቷ ሥር በቀኝ በኩል አቃጠላት፤ ጨጓራ ነው ተብሎ ተልባ ተመታላት። የደነገጡት እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ሁለት ሆኖ ታየኝ፣ ዓይኔም ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል ያለች ቀን ነው።

ዳማከሴውንም ተልባውንም አልነቅፍም፤ እኛም ቤት ይደረጋል። ነገሩ የተበላሸው ምልክቶቹ ሲበታተኑ ነው። እግሯን አንዱ ተረጎመው፣ ራሷን ሌላው፣ ሆዷን ሦስተኛው። ጤና ጣቢያውም ቢሆን ግፊቷን ሳይለካ አልፏታል። ሁሉም የመጣው ከአንድ ቦታ መሆኑን ያየ ሰው አልነበረም።

ግንቦት 14 ጤና ጣቢያ ስትደርስ ግፊቷ 170/115፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ። 33 ሳምንት ሆኗታል፤ የማህፀኗ ቁመት በሜትር ሲለካ ግን 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ። በዚህ ወቅት የሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ተቀራርቦ ነው የሚሄድ፤ አምስት ሲጎድል ሕፃኑ አላደገም ብሎ መጠርጠር ግድ ነው። የዚያን ቀን ተረኛ የነበረችውን አዋላጅ አላውቃትም፣ ግን እጇ ይባረክ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ዝም ብላ አልጠበቀችም። ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ ግራና ቀኝ መቀመጫዋ ላይ ለሁለት ከፍላ ወጋቻት። መርፌው ያማል፤ ልጅቷ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። ግን የሚጥል በሽታ መስሎ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከለክል ከሱ የተሻለ መድኃኒት የለንም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በ33 አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለግፊቱም ሃይድራላዚን ሰጠቻት። ጣርማ በር ላይ ጉም ተኝቶ አምቡላንሱ እየዳኸ ነው የመጣው፤ እኛ ጋ ሲደርሱ መሽቷል። መንገድ ላይ አልተንቀጠቀጠችም።

«ከኛ ቤት ደም ብዛት የለም»

በማግስቱ አማትየዋን፣ ኋላ ፌስታል ይዘው በር ላይ የያዙኝን ሴትዮ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አላስቻላቸውም። «ከኛ ቤት ደም ብዛት የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ከነሱ ወገን ነው። ደግሞ በሃያ ዓመት ምን ደም ብዛት አለ?» አሉኝ።

እውነትም፣ ደም ብዛት የሽማግሌ በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ስሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሳምንት በኋላ ይመጣል፣ ግፊቱ ከ140/90 ጀምሮ ነው የሚቆጠር፣ የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ያለች ወጣትንም አይምርም። ምንጩ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ የእንግዴ ልጅ የማን አካል ይመስልዎታል?»

«የሷ ነዋ። ከሆዷ አይደል የሚወጣ?»

«አይደለም። የሕፃኗ ነው። ግማሹን ደግሞ ልጅዎ ነው ያዋጣው።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔም ትምህርት ቤት መጀመሪያ ስሰማው እንደዚያ ነበር የሆንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናትና የአባት ዘር ተገናኝቶ አምስት ስድስት ቀን ሲሞላው በዓይን የማትታይ የሴሎች ኳስ ይሆናል። የውስጠኞቹ ሴሎች ልጁን ይሠራሉ። የውጭዎቹ፣ ትሮፎብላስት የሚባሉት፣ የእንግዴ ልጁን ይሠራሉ። ስለዚህ ልጁና የእንግዴ ልጁ ከአንድ ዘር የወጡ ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ለዕድሜ ልክ፣ ሌላው ለዘጠኝ ወር። እናትየዋ ቦታና ደም ትሰጣለች እንጂ ዋናው አካል የሷ አይደለም። የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ ባዕድ የሆነ ሥጋ ሰውነቷ ውስጥ ሥር ሰድዶ ዘጠኝ ወር ሲቀመጥ የመከላከያ ሴሎቿ አያባርሩትም። እንደውም የማህፀኗ ግድግዳ ላይ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ሲገባ ያግዙታል። የእንግዴ ልጅ የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር እንግዳ የሚለው ቃል የሚመጣብኝ ለዚህ ይሆናል።

አማትየዋ ዝም አሉ። ቆይተው፣ ቀስ ብለው፣ «እሱን ሳረግዝ እኔም እግሬ አብጦ ነበር። ልወልድ ስል ወድቄ ተንፈራግጫለሁ አሉኝ። ጠበል ወስደውኛል» አሉ።

ያ ምን እንደነበር አሁን ላይ ሆኜ መፍረድ አልችልም። የማውቀው፣ እናታቸው በዚህ በሽታ ታማ የወለደቻቸው ወንዶች ሚስቶቻቸው ላይም የመከሰቱ ዕድል ከሌላው ከፍ ማለቱን ነው። መንገዱ በእንግዴ ልጁ በኩል ነው፤ የአባትየው ዘር ግማሹን ይሠራዋልና። ይህን ስነግራቸው «ከነሱ ወገን ነው» የምትለው ነገር ቀረች።

ቦዩ ሳይሰፋ ሲቀር

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። ትሮፎብላስቶቹ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተለጠፉ በኋላ ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ። የሚፈልጉት የእናትየዋን ጥምዝምዝ የደም ቧንቧዎች ነው። እነዚህ ቧንቧዎች ከእርግዝና በፊት ቀጫጭን ናቸው፤ ግድግዳቸው ጡንቻ ስላለው ሲያሻቸው ይጨመደዳሉ። ትሮፎብላስቶቹ ያን ጡንቻ ያፈርሱና በራሳቸው ሴሎች ይተኩታል። ቧንቧው ሰፊ፣ ልል፣ የማይጨመደድ ይሆናል። ሥራው ወደ 20 ሳምንት አካባቢ ይጠናቀቃል።

ሸዋ ሮቢት የመስኖ እርሻ ያየ ሰው ይገባዋል። ከወንዙ የተጠለፈው ቦይ ጠባብ ከሆነ ውሃው እየተወነጨፈ ይመጣል፣ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ማሳው ጫፍ ግን አይደርስም። አፉ ላይ ሲሰፋ ውሃው ይረጋና ማሳውን ቀስ ብሎ ያጠጣል። ጤናማ እርግዝና ላይ የሆነው ይኼ ነው። መጨረሻ ወራት ላይ በደቂቃ ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ደም በማህፀን ያልፋል። ሦስት የሻይ ብርጭቆ በሉት፣ በየደቂቃው።

በሷ ላይ ቦዩ አልሰፋም። ለምን? እንደሷ መጀመሪያ ያረገዙ ላይ ይበዛል፣ የዘርም ነገር አለበት፣ የአንዷን ሴት ምክንያት ግን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ውጤቱ ነው ግልጽ። የእንግዴ ልጁ ደም አነሰው፣ የመጣውም ደም እየተወነጨፈ ጎዳው። እስከ 20 ሳምንት ሕፃኑ ትንሽ ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ጥር ላይ 100/60 የነበረው ለዚህ ነው። ከዚያ ሕፃኑ ሲያድግና ፍላጎቱ ሲጨምር የተጎዳው የእንግዴ ልጅ የተለያዩ ፕሮቲኖችን ወደ እናትየዋ ደም ይለቅ ጀመር። እነዚህ ፕሮቲኖች የደም ሥሮቿን የውስጥ ገበር ያሳምማሉ። የታመመ ገበር ይጨመደዳል፣ ያንጠባጥባልም። ሲጨመደድ ግፊት ነው። ኩላሊት ላይ ሲያንጠባጥብ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል። ሥጋ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ፊትና እግር ያብጣል። አንጎል ላይ ሲደርስ ራስ ምታትና ብልጭታ፤ ጉበት ላይ ሲደርስ ያ ተልባ የተጠጣለት ማቃጠል። «ወንድ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ጨጓራ ነው» የተባለው ሁሉ የአንድ የተጠማ ማሳ ጩኸት ነበር።

እግር ማበጥ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ብዙ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ታብጣለች። ፊትና እጅ ሲጨመርበት፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲል፣ ዓይን ሲያስቸግር ግን ማደር የለም።

ኩሬውና ሥሩ

ሰው ሁሉ የእናትና የልጅ ደም አንድ ላይ የሚዞር ይመስለዋል። አይዞርም። የእናትየዋ ደም ከነዚያ ቧንቧዎች ወጥቶ የእንግዴ ልጁ ውስጥ ያለውን ክፍተት እንደ ኩሬ ይሞላዋል። የሕፃኑ የደም ሥሮች ደግሞ የዛፍ ሥር በመሰሉ፣ ደጋግመው በተከፋፈሉ ቅርንጫፎች ውስጥ ሆነው ኩሬው ውስጥ ይነከራሉ። በመሃል ስስ ግድግዳ አለ። ቅርንጫፎቹ ተዘርግተው ቢለኩ በመውለጃ ጊዜ ከ11 እስከ 14 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ አንድ መለስተኛ ክፍል ማለት ነው። ኦክስጅንና ስኳር ወደ ልጁ ያልፋል፤ የተቃጠለ አየርና ቆሻሻ ወደ እናት ይመለሳል። የልጁ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከእናትየዋ የተለየ ስለሆነ ኦክስጅንን ጠንከር አድርጎ ይስባል። ወደ ልጁ የሚወስደው እትብት ሁለት አርተሪና አንድ ቬይን የሚባሉ የደም ሥሮች አሉት። ኦክስጅን የያዘውን ደም የሚያመጣው ቬይኑ ነው፤ የነርሲንግ ተማሪ ሁሉ ፈተና ላይ የሚወድቅበት ጥያቄ ነው፣ እኔም ወድቄበታለሁ።

ሳንባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኩላሊትም ነው፣ አንጀትም ነው፣ የሆርሞን ፋብሪካም ነው። የሽንት ምርመራው ላይ ሁለት መስመር የሚያሳየው ሆርሞን ከእነዚያ የውጭ ሴሎች የሚመጣ ነው፤ እንግዳው ገና በዓይን ሳይታይ ደብዳቤ ይልካል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እርግዝናውን የሚያጸናውን ፕሮጄስትሮን የማምረት ሥራ ከእንቁላል ማምረቻው ይረከባል። ሌላው ሆርሞኑ የእናትየዋ ሰውነት ስኳርን ለራሱ ቶሎ እንዳይጠቀም ያደርጋል፣ ለልጁ እንዲተርፍ። አንዳንድ ሴት እርግዝና ላይ ስኳር የሚይዛት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ኩበት የሚነድበት ቤት ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል። በመንዝ ብርድ እሳት ከቤት አይጠፋም፣ በር ይዘጋል፣ ጭሱ እዚያው ይዞራል። ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንግዴ ልጁ አልፎ የልጁን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ ኦክስጅን ቦታ ያጣል። አረቄም ያልፋል። ስስ ግድግዳው ብዙ ነገር ያግዳል እንጂ አልኮልን አያግድም።

ከፍታውም ከግምት የሚገባ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የመንዝ ደጋ ደግሞ ከዚያም ይወጣል። በዓለም ላይ በጥቅሉ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የሚወለዱ ልጆች ክብደት በአማካይ ወደ 100 ግራም ይቀንሳል። የኛ ደገኛ ግን የራሱ ነገር አለው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን መጠን የባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው እንደማይለይ አግኝቷል። ስለዚህ የዚህችን ልጅ ጉዳይ በከፍታው ላይ አላሳብብም። ጭሱን ግን አልተውም፤ እሷም ራሷ ስታስል ነበር የመጣችው።

ሚዛኑ ላይ

ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኛች። የሕፃኑ ሳንባ እንዲበስል ዴክሳሜታዞን በየ12 ሰዓቱ ተወጋች። ግፊቷ በመድኃኒት ወረድ ይልና ይመለሳል። ግንቦት 16 ጠዋት የደሟ ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ 88 ሺህ ላይ ወርዶ ተገኘ፣ ጉበቷም ተቆጥቷል። ከዚህ በኋላ መጠበቅ የለም። ይህን በሽታ የሚያቆመው የእንግዴ ልጁ መውጣት ብቻ ነው። ሕፃኗ ብትቆይ ይሻላት ነበር፤ እናትየዋ ግን አትችልም። ባልየው ሲፈርም እጁ ተንቀጠቀጠ።

ሕፃኗ 1,450 ግራም ሆና ወጣች። አለቀሰች። በ33 ሳምንት ወደ 2 ኪሎ ይጠበቅ ነበር።

የእንግዴ ልጁን እኔ ተቀበልኩት። በላቲን ፕላሴንታ የሚለው ቃል ጠፍጣፋ ቂጣ እንደማለት ነው፣ እውነትም ሙሉ ጊዜውን የጨረሰ የእንግዴ ልጅ እንጎቻ ያክላል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ሁለት ሁለት ተኩል ውፍረት፣ 500 ግራም አካባቢ ክብደት። የእናት በኩል ያለው ገጹ ጥቁር ቀይ ነው፣ ከ15 እስከ 20 በሚሆኑ ጉብታዎች የተከፋፈለ። እነዚህን ጉብታዎች የምናየው ለጉጉት ብለን አይደለም፤ አንዷ ጎድላ ማህፀን ውስጥ ከቀረች አራሷ ደም ይፈሳታል።

የሷ ሙሉ ነበር፣ አልጎደለም። ግን ትንሽ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይና መሃሉ ላይ ነጣ ያሉ፣ ሲነኩ ደረቅ የሚሉ ቦታዎች ነበሩት። ደም ሳይደርሳቸው የሞቱ ናቸው። እትብቱ ቀጭን። 260 ግራም። ሚዛኑ ላይ ሳየው መጋቢት ላይ ባዶ የቀረው ሳጥን ነው ትዝ ያለኝ። የዚያን ቀን ግፊቷ ከፍ ብሎ ይሆን አይሆን ማንም አያውቅም፤ ያልተለካ ነገር አይመለስም።

ወልዳም ወዲያው አልዳነችም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከወለዱ በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ማግኒዥየሙም ለ24 ሰዓት ይቀጥላል። በሦስተኛው ቀን ግፊቷ 140/90 ሆነ። ሕፃኗ ሙቀት ክፍል ቆይታ ከዚያ እናቷ ደረት ላይ ታሰረች። ያለ ጊዜዋ መምጣቷ ሌላም ነገር አጉድሎባታል። የእናት ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጅ በብዛት የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ ጥር ላይ የተወጋችው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ልጁን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ ነው። ሕፃኗ ግማሽ ስንቅ ይዛ ነው የወጣችው። ስለዚህ እጅ ሳይታጠቡ መንካት ተከለከለ፣ ጠያቂ ተቀነሰ፣ አማትየዋ በር ጠባቂ ሆኑ። እኔም እንደሳቸው ያለ ዘበኛ አላየሁም።

ሕፃኗ ሆስፒታል እያለች እትብቷ ደርቆ ወደቀ። አማትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «የእንግዴ ልጁን ከለከልሽኝ፤ ይቺን ግን አልሰጥሽም። እትብቴ የተቀበረበት አገር የምትለው አታጣም» አሉኝ። ምን ልበል።

ሁለተኛው

በ2012 መጨረሻ ላይ ተመልሳ አረገዘች። በዚህ ጊዜ ገና በሁለት ወሯ መጣች፣ አማትየዋ እየጎተቱ ነው ያመጧት። አንዴ በፕሪኤክላምፕሲያ የታመመች ሴት በሚቀጥለውም ልትታመም ትችላለችና ሐኪሙ ከ12 ሳምንት ጀምሮ በቀን አንድ ትንሽ አስፒሪን አዘዘላት፣ ካልሲየምም ጨመረ። አስፒሪኑ ያ የቦይ ማስፋት ሥራ ሳያልቅ ሲጀመር ነው የሚጠቅም፤ ሰባተኛ ወር ላይ ቢጀመር እርባና የለውም። በራስ ፈቃድም አይጀመርም።

ሌላ ፍርሃት ደግሞ ነበረን። ማህፀኗ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ አለ። የእንግዴ ልጅ ጠባሳ ላይ ከተለጠፈ እዚያ ያለው ግድግዳ ስለማያቆመው ጠልቆ ሊገባ ይችላል፤ ሲወልዱ አልላቀቅ ይላል፣ ደሙም አይቆምም። አልትራሳውንዱ የእንግዴ ልጁ ከፍ ብሎ፣ የጀርባው ግድግዳ ላይ መቀመጡን ሲያሳይ ሐኪሙም እኔም ተነፈስን።

ግፊቷ በየቀጠሮው ተለካ። አንድም ባዶ ሳጥን የለም፤ አንድ ቀን ተረኛዋ ልትዘነጋ ስትል ራሷ እጅጌዋን ሰብስባ «ግፊቴስ?» ብላለች አሉ። በሁዳዴ ጾም ጉዳይ አልተከራከርንም፣ ሁዳዴ ሳይገባ ልትወልድ ነው። የመጨረሻውን ሳምንት ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ ዘመድ ቤት ከረመች። የካቲት 2013 ላይ፣ በ38 ሳምንቷ፣ ምጧ መጣ። ክትትል እየተደረገላት በራሷ አምጣ ወለደች። ወንድ ነው።

ልጁ እንደወጣ ኦክሲቶሲን ወጋኋት። ማህፀኗ ጠበቅ አለ፣ የእንግዴ ልጁ በሰባት ደቂቃ ወጣ። ሳህኑ ላይ አገላበጥኩት። ጉብታዎቹ ሙሉ፣ ጥቁር ቀይ፣ አንድም የነጣ ቦታ የለውም። ሚዛን ላይ አደረግኩት።

በሩን ስከፍት አማትየዋ ቆመዋል። ፌስታል አልያዙም።

«እንኳን ማርያም ማረቻት እማማ። ወንድ ነው።»

እልል አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእንግዴ ልጁስ? መዘንሽው?»

«መዘንኩት። 480።»

«ያኔ ስንት ነበር ያልሽኝ?»

ያኔ አልነገርኳቸውም ነበር። «260» አልኳቸው።

ዝም ብለው ቆዩ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና እንደ ሚዛን ግራና ቀኙን ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ግቢና ላሳይዎት?» አልኳቸው።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።